አንዴ ቢንበረከኩ በቃ ነበር

ዛሬ ከሥራ መልስ ከልጆቹ ጋር ሻይ ልንጠጣ ተቀምጠን ያ የ2023ቱ የማያሚና የጆርጂያ ቴክ ጨዋታ ተነሳ፤ በቃ፣ ጭቅጭቅ በጭቅጭቅ። አትላንታ ስለምንኖር ግማሹ የቴክ ደጋፊ ነው፣ ደስታው እስካሁን አልበረደለትም።

ላላያችሁት፣ የአሜሪካ ፉትቦል ነው፣ የኮሌጅ። ማያሚ 20 ለ17 እየመራ ነው፣ ኳሱም በእጁ ነው፣ የቀረው 30 ሰከንድ ገደማ ነው፣ ቴክ ደግሞ ታይም አውቱን (ሰዓት የሚያስቆምበትን እረፍት) ጨርሷል። ኳርተርባኩ (ማጥቃቱን የሚመራው ተጫዋች) ኳሱን እንደያዘ አንዴ ቢንበረከክ እንቅስቃሴው እዚያው ያበቃል፣ ሰዓቱ ግን እየቆጠረ ራሱ ያልቃል። የአሰልጣኝ ማሪዮ ክሪስቶባል ቡድን ግን ኳስ ይዞ መሮጥን መረጠ! ሯጩ ተመታ፣ ኳሷ ከእጁ አፈትልካ ወጣች፣ ቴክ ለቀማት። ከዚያ ቴክ የ44 ያርድ ኳስ ወረወረ፣ ተችዳውን (ኳሱን ከመጨረሻው መስመር አሳልፎ ማስቆጠር)፣ 1 ሰከንድ ሲቀር። 23 ለ20።

አንዱ ጓደኛችን «ጥፋቱ የልጁ ነው፣ አጥብቆ አይዝም ነበር?» ብሎ ድርቅ አለ። ኧረ በናትህ! ልጁማ የታዘዘውን ነው የሠራው። ደግሞ እኮ ክሪስቶባል በ2018 ሌላውን የኮሌጅ ቡድን ኦሬገንን ሲያሰለጥንም ከስታንፎርድ ጋር እየመራ ሮጦ፣ ኳስ አስጥሎ፣ በጭማሪ ሰዓት ተሸንፏል።

እኔን ይበልጥ የሚያበግነኝ ግን የማያሚ ተከላካዮች ናቸው። ሰዓት እያለቀ፣ ሁሉም ወደ ኋላ ማፈግፈግ ሲገባው፣ ሰው እንዴት ከጀርባቸው ያመልጣል? እስቲ የገባው ያስረዳኝ።