ገመዱን ሳትቆርጡ ካባውን አታልብሱ

የልዕለ ጀግና ጨዋታን በቤት ውስጥ ማዘጋጀት ብዙ ድካም የለውም። ጭምብሉን ከካርቶን ቆረጥን፣ የአምስት ዓመቱ ልጄ ለራሱ ስምና ኃይል መረጠ፣ ታናሽ እህቱም ከአደጋ የምትድን ሰው ሆና ተመደበች፤ ብዙ ሳትቆይ ግን እሷም ካባ ይገባኛል አለች። ችግር ያመጣው ይኸው ካባ ነው።

የገዛነው መዋዕለ ሕፃናቱ ለአልባሳት ቀን ሁሉም ልጅ እንዲለብስ ስላዘዘ ነበር። ከመርካቶ የመጣው ልብስ አንገት ላይ የሚቋጠር የናይለን ገመድ ነበረው። በዓሉ በሰላም ካለፈ በኋላ ልጄ ከመኝታ ክፍል እየሮጠ ሲወጣ የካባው ጫፍ በበሩ እጀታ ተያዘና ገመዱ አንገቱን ሸምቅቆ ወደ ኋላ ጎተተው። አጠገቡ ስለነበርሁ ወዲያው ደገፍሁት፤ ነገር ግን ቋጠሮው በክብደቱ ጠብቆ በጣት አልፈታ ስላለ፣ እናቱ መቀስ እስክታመጣ ድረስ ተሸክሜው ቆምሁ።

ጉዳዩን ለመዋዕለ ሕፃናቱ ኃላፊ በጽሑፍ አሳወቅሁ፤ ወላጆችን የሚያስጠነቅቅ ማስታወቂያ ይወጣል ብዬም ጠበቅሁ። የወጣው ማስታወቂያ ግን ጨዋታው ድብድብን ያስተምራልና በቤትም ይከልከል የሚል ሙሉ ገጽ ሲሆን፣ ስለ ገመድ አንዲት ቃል አልነበረበትም። እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ኢ.ኤን. 14682 የተባለው የአውሮፓ የልጆች ልብስ ደረጃ፣ የጨዋታ አልባሳትን ጨምሮ፣ ከ7 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት በአንገት አካባቢ የማሰሪያ ገመድ እንዳይኖር የሚከለክለው እንዲህ ያለውን አደጋ በመፍራት ነው።

ስለዚህ ማሳሰቢያውን አልተቀበልሁትም፤ እናንተም ባትቀበሉት እመርጣለሁ። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ አንድ ጥናት፣ አሰልቺ ሥራ ከተሰጣቸው የ4 እና የ6 ዓመት ልጆች መካከል ራሳቸውን ባትማንን በመሰለ ገጸ ባሕርይ ተክተው የሠሩት ከሌሎቹ ይበልጥ ጸንተው ታይተዋል። ልጄም ጥርሱን ያለ ለቅሶ የሚቦርሸው ጭምብሉን ሲያደርግ ብቻ ነው። በትራስ ቢደባደቡ ግድ የለኝም። የምከለክለው አንገት ላይ የሚታሰርን ነገርና ከፍታን ነው። በኮንዶሚኒየም ለምንኖር ደግሞ ከፍታ ማለት በረንዳ ነው፤ ውሃ ስለሚጠፋ ከአጥሩ ሥር የምንደረድራቸው ጀሪካኖች እበራለሁ ለሚል ልጅ ደረጃ ይሆናሉና ዛሬውኑ ወደ ውስጥ አስገቧቸው።

ለካባው መፍትሔው ገመዱን አስወግዶ በሁለቱ ትከሻዎች ላይ ትንንሽ ቬልክሮ፣ ማለትም ሳብ ሲያደርጉት የሚላቀቅ ተለጣፊ ማያያዣ፣ ማሰፋት ነው። ልብስ ሰፊያችን "ይህማ አይቆይም፣ በቁልፍ ልሥራው" ብሎ ተከራክሮኝ ነበር። እንዲቆይ አይደለም የሚፈለገው። ለልጁ ከመስጠታችሁ በፊት ካባውን ከኋላ በሁለት ጣት ሳብ አድርጉት፤ ካልተላቀቀ፣ ሰፊው ምንም ቢል መልሳችሁ ውሰዱት።