ቲቸር፣ ይሄ ፈተና ላይ ይወጣል?

ፊዚክስ ማስተማር ከጀመርኩ 11 ዓመት ሆነኝ፣ በነዚህ ዓመታት ከሁሉም በላይ የሰማሁት ጥያቄ ስለ ግራቪቲ ወይ ስለ ብርሃን እንዳይመስላችሁ፣ "ቲቸር፣ ይሄ ፈተና ላይ ይወጣል?" የሚለው ነው። ድሮ ደሜን ያፈላው ነበር። እኔ እዚህ ጠመኔ በጠመኔ ሆኜ ዓለም እንዴት እንደምትሰራ አወራለሁ አንተ ማርክ ትቆጥራለህ? እል ነበር በሆዴ። አሁን ግን ልጁ ልክ ነው ባይ ነኝ። እኛ እኮ ነን ያስለመድነው። የምለውን ኖት ላይ ገልብጥ፣ ሸምድደው፣ ፈተና ላይ መልስልኝ፣ ከዛ በኋላ ብትረሳውም ጉዳዬ አይደለም፣ ውላችን ይሄው ነው፣ ልጁ ደግሞ የውሉን ዝርዝር ነው የጠየቀው።

ውሉ እንደማይሰራ ቁጭ ብዬ ያሰብኩት ባለፈው ዓመት ነው። "ጨረቃ ለምንድነው መሬት ላይ የማትወድቀው?" ብዬ አሳይመንት ሰጠሁ፣ በራሳችሁ አባባል አንድ ገጽ። ሲመጣልኝ አንዱ ካንዱ ያምራል፣ እንዲህ የሚጽፉ ልጆች አሉኝ እንዴ ብዬ ኮራ ሁሉ አልኩ፣ አምስተኛው ላይ ስደርስ ግን ያው ምሳሌ፣ ያው አገባብ፣ መጨረሻ ላይ ያው "በማጠቃለያም"። ቻትጂፒቲ (የጠየቅከውን የሚጽፍልህ ኤአይ) በፈረንጆቹ 2022 መጨረሻ ላይ ከወጣ ጀምሮ ሁላችንም የምናውቀው ታሪክ ነው፣ ብዙ አልልበትም።

በነጋታው በጣም ያማረውን የጻፈውን ልጅ አስነሳሁትና ያው የጻፍከውን በቃልህ ንገረን አልኩት። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ሰነፍ እንዳይመስላችሁ። መሬት መሬት እያየ "ቲቸር አንብቤዋለሁ ግን..." አለና ቀረ። እኔ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ወዲያው ቀበል አድርጌ ራሴ አስረዳሁ። ጨረቃ እየወደቀች ነው እኮ፣ ግን ወደ ጎን በፍጥነት ስለምትሄድ መሬትን እየሳተቻት ትዞራታለች ብዬ፣ ሰሌዳው ላይ ስዬ፣ ቀስት ጨምሬ። ክላሱ በሙሉ ጸጥ ብሎ ገለበጠ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ማታ ተኝቼ ነው የቆጨኝ፣ እሱ ከማሽን ገለበጠ፣ ሌሎቹ ከኔ ገለበጡ፣ እና ልዩነቱ ምንድነው? ያን ቀን ክፍሉ ውስጥ ስለ ጨረቃ ያሰበው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም እኔ ነኝ፣ እኔ ደግሞ ድሮውንም አውቀዋለሁ።

ከዛ አንድ ሳምንት ስልኬ ኪሴ ውስጥ ሆኖ እየቀዳ አስተማርኩ (የራስን ድምጽ መስማት ቅጣት ነው፣ ሞክሩት)። ሜሪ ባድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1970ዎቹ (ዓመተ ምህረቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) የክላስ ቅጂዎችን እያዳመጠች ሰከንድ ቆጥራ ነበር፣ አስተማሪ ጥያቄ ከጠየቀ በኋላ የሚታገሰው በአማካይ 1 ሰከንድ ገደማ ሆኖ አገኘችው፣ ወደ 3 ሰከንድ ሲያሳድጉት የልጆቹ መልስ ይረዝማል፣ ጭራሽ የማይመልሱት ይቀንሳሉ፣ ደካማ የሚባሉትም መናገር ይጀምራሉ። የኔ ቅጂ ላይ አንዳንዴ 1 ሰከንድም የለም፣ ጥያቄውንም መልሱንም ባንድ ትንፋሽ ነው የምለው። አሁን ጥያቄ ጠይቄ በልቤ እቆጥራለሁ። ሶስት ሰከንድ ጸጥታ ክፍል ፊት ቆሞ ላየው ሰው ሶስት ዓመት ነው፣ ግን ይለመዳል።

ሌላው የረዳኝ የኤሪክ ማዙር ነገር ነው። ሃርቫርድ ፊዚክስ የሚያስተምር ሰውዬ ነው፣ ተማሪዎቹ ከባድ ስሌት ይሰራሉ፣ እሱንም ጎበዝ አስተማሪ ነህ ይሉታል፣ ሁሉ ሰላም ነበር። አንድ ቀን ስሌት የሌለበት ፈተና ሰጣቸው፣ ትልቅ የጭነት መኪና ከትንሽ መኪና ጋር ሲጋጭ ማን በማን ላይ የበለጠ ኃይል ያሳርፋል የሚል ዓይነት (እኩል ነው መልሱ)። ያኔ ከተማሪዎቹ መሃል "እርስዎ ባስተማሩን መሰረት ነው የምንመልሰው ወይስ እኛ እንደምናስበው?" የሚል ጥያቄ ተነሳ። ይሄን ሳነብ ራሴን ያዝኩ። ሃርቫርድ እንዲህ ከሆነ እኔ ማን ነኝ።

እሱ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የሚያደርገውን እኔ በአቅሜ አመጣሁት። አንድ ጥያቄ ከነምርጫው ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፣ ሁሉም ለብቻው ያስባል፣ ሌላው እንዳያይ ጣቱን ደረቱ ላይ አድርጎ መልሱን ያሳየኛል፣ ከዛ የተለየ መልስ ካለው ጎረቤቱ ጋር ይከራከራል፣ ከዛ እንደገና ጣት። በቃ። ኢንተርኔት የለ፣ ታብሌት የለ። (ታብሌት አልጠላም፣ ግን ኖት ከማስገልበጥ ወደ ስላይድ ማንበብ የተሻገረ ክፍል ዘመናዊ ሆነ የሚሉኝ ነገር አይገባኝም።)

አንዱን ቀን ልንገራችሁ። ኳስ ቀጥ አድርገህ ወደ ላይ ወረወርክ፣ ጫፍ ስትደርስ ቬሎሲቲዋ (ፍጥነቷ) ዜሮ ነው፣ አክስለሬሽኗስ (ፍጥነቷ የሚለወጥበት መጠን)? አብዛኛው ዜሮ አለ። ተከራከሩ አልኩ፣ ክፍሉ ገበያ ሆነ፣ ከመሃል አንዲት ዓመቱን ሙሉ ድምጿን ሰምቻት የማላውቅ ልጅ ከኋላ ወንበር ለጎረቤቷ "ቆይ፣ አክስለሬሽኗም ዜሮ ከሆነ እኮ እዛው ተሰቅላ ትቀራለች" አለች። ጎረቤቷ አፉን ከፍቶ ቀረ፣ እኔም። 11 ዓመት ሙሉ አክስለሬሽኗ 9.8 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ነው ብዬ ሰሌዳ ላይ ጽፌ አስምሬበት አልፌያለሁ፣ እንደሷ አድርጌ ግን አንዴም አልተናገርኩትም።

ልጆቹ መጀመሪያ አልወደዱትም፣ ይሄን ሳልደብቅ ልናገር። "ቲቸር ዘንድሮ አያስተምርም፣ እኛን ያስለፋናል" ተባልኩ፣ አንድ አባትም ልጄ ደብተሩ ባዶ ነው ብለው መጡ። በኋላ ነው ሃርቫርድ ላይ የተሰራና በ2019 የወጣ ጥናት ያገኘሁት፣ እየተወያዩ የተማሩት ፈተና ላይ ይበልጣሉ፣ ግን ብዙ የተማሩ አይመስላቸውም፣ ጥሩ ሌክቸር የሰሙት ደግሞ የገባቸው ይመስላቸዋል። ማሰብ ያደክማላ። በ2014 ደግሞ በኮሌጅ ሳይንስና ሂሳብ ላይ የተሰሩ 225 ጥናቶች ባንድ ላይ ተገምግመው ሌክቸር ብቻ የሚሰሙት የመውደቅ እድላቸው እየተሳተፉ ከሚማሩት 1.5 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። ለአባትየው ይሄን ሁሉ አላልኳቸውም፣ ክላስ ገብተው ይዩ አልኳቸው፣ አልመጡም።

እውነተኛው ችግር ሰዓት ነው። ያቺ ኳስ ብቻዋን 25 ደቂቃ በላች። አሁን ሞመንተም የሚባለውን ቻፕተር መጨረስ ነበረብኝ፣ ገና አልጀመርኩም፣ የዲፓርትመንቱ ኃላፊ "ቻፕተር የት ደረስክ?" ባለኝ ቁጥር ሆዴ ይንቦጫቦጫል፣ እሱም ከላይ ስለሚጠየቅ አልፈርድበትም። ኖት ማጻፍ ትቻለሁ፣ ታይፕ አድርጌ ነው የምሰጣቸው፣ ትንሽ ሰዓት ተረፈኝ፣ አይበቃም ግን። ሁሉንም ሸፍኜ ማንም ሳይገባው ከመጨረስ ሁለት ቻፕተር ቢቀርብኝ እመርጣለሁ፣ ግን ፈተናው የሚወጣው ከሁሉም ቻፕተር ነው፣ ስለዚህ ምርጫው የኔ ብቻ አይደለም፣ ዞሮ ዞሮ የሚጎዳው ልጁ ነው።

አሳይመንትን በተመለከተ ኤአይ ተጠቀሙ አልኳቸው፣ ልከለክል ብልም አልችልም። ግን በየሳምንቱ በእጣ አምስት ልጅ ይወጣና ሁለት ሁለት ደቂቃ የሰጠኝን ወረቀት ሳያይ ሰሌዳ ላይ ያስረዳል። 58 ልጅ ስላለ በየሳምንቱ ሁሉን ማዳረስ አይቻልም፣ እጣው ግን ሁሉንም ያዘጋጃል።

ባለፈው አርብ እጣው ለዛ ለጨረቃው ልጅ ወጣ፣ እንደ አጋጣሚ ጉዳዩ ዞሮ ሳተላይት ነበር። ክብ ሳለ፣ ቀስቷን ወደ ጎን አደረገ፣ ጥሩ ሄደ። "እሺ ጨረቃ መሄዷን አቁማ ቀጥ ብትልስ?" አልኩት። በልቤ ሰባት ድረስ ቆጠርኩ። "ወደኛ ትመጣለቻ" አለ። ክፍሉ ሳቀ፣ እሱ ግን ጠመኔውን እንደያዘ ቆመና "ቲቸር፣ ስንት ቀን ይፈጅባታል?" አለኝ።

አላውቅም አልኩት፣ እውነትም አላውቅም ነበር። ማታ ቤት ገብቼ በኬፕለር ህግ (የመዞሪያ ጊዜን ከርቀት ጋር የሚያያይዘው) ሳሰላው 4.8 ቀን አካባቢ መጣ። ለነሱ አልነገርኳቸውም፣ ሰኞ ራሳቸው ያወጡታል፣ ሞመንተም ትንሽ ይጠብቅ።