አራት ማይክ እና አንድ ሲባጎ

ባለፈው ክረምት «ድራሜን ራሴ መቅዳት ጀመርኩ» ብዬ ጉራ ነዝቼባችሁ ነበር። ከዚያ ወዲህ የጠፋሁት ወድጄ አይደለም። የቀዳሁት ሁሉ ስለሚያሳፍር ነው። አሁን ግን የሚወራ ነገር አገኘሁ።

ቦታው ቱሉ ዲምቱ ነው። ግቢው ጀርባ ያለች ሰርቪስ ቤት፤ 3 በ4 ሜትር፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ፣ ኮርኒሷ ዝቅ ያለ። ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ ሩቅ ስላልሆነ ማታ ማታ የከባድ መኪና ጉርምርምታ ይገባል። ክረምት ላይ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲወቅጠው ደግሞ ከእኔ የተሻለ ድራመር ነው። ስለዚህ የምቀዳው ጠዋት ብቻ ነው። ያውም አከራያችን እማማ ከቤተ ክርስቲያን እስኪመለሱ።

ዕቃዬ ባለ 4 መግቢያ ሳውንድ ካርድ (ማይኮቹን ከኮምፒውተር የሚያገናኝ ሳጥን)፣ ኤስኤም 57 እና ኤስኤም 58 የሚባሉ ሁለት ማይኮች፣ እንዲሁም ሁለት ርካሽ ኮንደንሰር ማይክ ነው። ኮንደንሰሮቹ ከሳውንድ ካርዱ 48 ቮልት ይፈልጋሉ። ያንን ቁልፍ ሳልጫን «ማይኩ ተቃጥሏል» ብዬ ግማሽ ቀን የፈጀሁበት ጊዜ አለ፤ እሱን እንለፈው።

ስኔሩ (ጥርት ብሎ የሚጮኸው ትንሹ ከበሮ) ብዙ አላስቸገረኝም። 57 እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣ ማይክ ነው፤ ዛሬም ስኔር ላይ ብዙ ሰው የሚያስቀምጠው እሱን ነው። ከጠርዙ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጌ ወደ ቆዳው መሃል አዞርኩት። ያስቸገረኝ ሃይሃቱ (ሳህን የሚመስሉት ጥንድ ሲምባሎች) ነው። ችክችካ ስትጫወቱ ሃይሃቱ ዕረፍት የለውም፤ በስኔሩ ማይክ ሰተት ብሎ ይገባል። 57 ግን ከጀርባው የሚመጣ ድምፅ ብዙም አይሰማም። ስለዚህ ጀርባውን ለሃይሃቱ ሰጠሁት። ኢኪው (የድምፁን ቅጥነትና ውፍረት ማስተካከያ) ሳልነካ ቀነሰልኝ።

ለወራት ያንገላታኝ ኪኩ (በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮ) ነው። ለኪክ የተሠራ ማይክ ስለሌለኝ የዘፋኙን 58 በፊት ቆዳው ቀዳዳ አስገባሁት። ብቻውን ስሰማው ደህና ነው። ከላይ ያሉትን ኮንደንሰሮች ስከፍት ግን ሆዱ፣ ማለትም ወፍራሙ ድምፁ፣ ይጠፋል። ካርቶን የምመታ ነው የሚመስለው። መጀመሪያ በማይኩ ፈረድኩ፣ ቀጥሎ በቆዳው፣ ከዚያ በቤቱ። ብርድ ልብስ ጠቀጠቅኩ፣ አወጣሁ። አዲስ ማይክ ልገዛ ብር ማጠራቀም ሁሉ ጀምሬ ነበር። አንድ ጓደኛዬ ቀረጻውን ሰምቶ «ርቀቱን ለክተኸዋል?» አለኝ። ለካሁ እንዴ!

ሜትር አወጣን። ከመምቻው እስከ ላዩ ማይክ ያለው ርቀት፣ እስከ ኪኩ ማይክ ካለው በ1.7 ሜትር ይበልጣል። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ስለሚሄድ የኪኩ ድምፅ ላዩ ማይክ ጋ የሚደርሰው 5 ሚሊ ሰከንድ ዘግይቶ ነው። 100 ኸርዝ የሆነ ድምፅ አንድ ዙር ለመጨረስ 10 ሚሊ ሰከንድ ይፈጅበታል። እንግዲህ ልክ ግማሽ ዙር ዘገየ ማለት ነው፤ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፣ ሲደመሩ ይጣፋሉ። የኔ ኪክ ሆድ ደግሞ እዚያው አካባቢ ነበር። ማይኩ ምን አደረገ?

በሶፍትዌሩ ላይ የኪኩን ፌዝ ገለበጥኩት፤ መግፋቱን መሳብ፣ መሳቡን መግፋት አደረግኩት ማለት ነው። ሆዱ ተመለሰ! ግን ሁሌ ይሠራል ብላችሁ እንዳትይዙት። ርቀቱ ሲቀየር የሚጠፋውም ድምፅ ይቀየራል። ተገልብጦም ሳይገለበጥም ሞክሩና የሚወፍረውን ያዙ።

ከዚያ ወደ ላዮቹ ሁለት ማይኮች ዞርን። እዚህ ላይ ነው ሲባጎው የመጣው። አንዱን ጫፍ የስኔሩ መሃል ላይ፣ ሌላውን ጫፍ ኪኩ ላይ ከመምቻው አቅጣጫ ያዝን። ከስኔሩ በላይ ያለውን ማይክ እስኪነካ ወጠርነውና የነካበትን ነጥብ በጣቴ ቆንጥጬ ያዝኩ። ጣቴን ሳልለቅ ወደ ተጫዋቹ ቀኝ ትከሻ አዞርኩት። ሲባጎው በሁለቱም በኩል እኩል የተወጠረበት ቦታ የሁለተኛው ማይክ ቦታ ሆነ። በዚህ መንገድ ስኔሩም ኪኩም ለሁለቱ ማይኮች እኩል ይደርሳሉ፤ ሲደመጡ በግራና በቀኝ መሃል ላይ ቁጭ ይላሉ። ፈጠራው የኔ አይደለም። በእንግሊዛዊው የድምፅ መሐንዲስ በግሊን ጆንስ ስም የሚጠራው አቀማመጥም ሁለቱን ማይኮች ከስኔሩ እኩል ነው የሚያርቃቸው፤ ሁለተኛው ብቻ ወደ ፍሎር ቶሙ (መሬት ላይ የሚቆመው ከበሮ) ጎን ይወርዳል።

የቀረኝ ኮርኒሱ ነው። ማይኮቹ ስለሚቀርቡት የሲምባሉ ድምፅ ነጥሮ ይመለስባቸዋል። ጋቢ ሰቅዬ ነበር፤ ሹል ሹሉን ትንሽ ቢያለዝበው ነው እንጂ አይበቃም። የስፖንጅ ፍራሽ በሽቦ ስሰቅል ግን ልዩነቱ ተሰማ። ችግሩ ፍራሹ የታናሽ ወንድሜ ነው፤ ማታ ማታ ይፈልገዋል። ጠዋት እሰቅላለሁ፣ ማታ አወርዳለሁ። ባወረድኩ ቁጥር አንዱን ስታንድ መግጨቴ ስለማይቀር በነጋታው ሲባጎዬን ይዤ እንደገና እለካለሁ።