ጎፈሩን የበላው ጥገና ቤት

አሮጌ የአውሮፓ ጎራዴ ገዝቶ ወደ ጥገና ቤት ሊልክ ያሰበ ሰው አስቀድሞ ይህን ያንብብ። ለእኔ ማንም አልነገረኝም።

ግዢው አላስቸገረም። እንግሊዝ አገር ሐራጅ ላይ ወጣ፣ ከፈልሁ፣ ወሰድሁ። በዚያ አገር ስለቱ 50 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ቆልማማ ጎራዴ መሸጥ ክልክል ቢሆንም ዕድሜው ከ100 ዓመት ካለፈ ሕጉ ይፈቅዳል፤ ደረሰኙ ላይ ዕድሜውን አስጽፉ።

ምንነቱን የነገረኝ እንስሳው ነው። የእጀታው ጫፍ የአንበሳ ራስ ነው፤ ጎፈሩ በእጀታው ጀርባ ቁልቁል ይወርዳል፤ የጣት መከላከያው ውስጥ የንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛው የስም ፊደላት ተጠላልፈዋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1803 ለእግረኛ ጦር መኮንኖች የተደነገገው ዓይነት ነው። ከፊደላቱ በላይ ያለችው ጥሩንባ ደግሞ የቀላል እግረኛ ክፍል ምልክት ናት። ሻጩ ግን አንበሳውን አይቶ «ምናልባት የንጉሣውያን ቤተሰብ ንብረት» ብሎ ጽፎበት ነበር። እንዲህ ያለውን አትመኑ። አንበሳው የአገሪቱ ምልክት ነው እንጂ የባለቤቱን ዘር አይናገርም፤ ባሕር ኃይሉም በ1805 ለከፍተኛ መኮንኖቹ የአንበሳ ራስ ሰጥቷል። በዚያው ዘመን የበርሚንግሃም ሠሪዎች ለአሜሪካ ገበያ የንስር ራስ ያለው እጀታ ይሠሩ ነበር። እንስሳውን የሚመርጠው ጎራዴውን የሚሸምተው አገር ነው። እኛ ደግሞ አንበሳ ባየን ቁጥር ሞዓ አንበሳ ትዝ ይለናል፤ ይህኛው ግን ከይሁዳ ነገድ ጋር አይዛመድም።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልግባ። እጀታው ትንሽ ስለተነቃነቀ እንዲያጠብቁልኝ ጥገና ቤት ሰጠሁት። «እጀታው እንዳይወለወል» ብዬ በጽሑፍ አሰፈርሁ፤ ተቀባዩም ፈረመበት። የተመለሰልኝ እንደ አዲስ የመታጠቢያ ቤት ቧንቧ የሚያብለጨልጭ ነሐስ ነበር።

የዚያን ዘመን የወርቅ ቅብ በባዜቃ (በሜርኩሪ) የሚሠራ ነው፤ ወርቁ ከባዜቃ ጋር ተዋሕዶ ይቀባል፣ በእሳት ሲሞቅ ባዜቃው ተንኖ ወርቁ ይቀራል። ሁለት መቶ ዓመት ሙሉ የሰው እጅ የላይኛውን ሲያጥበው፣ በጎፈሩ ጠጉሮች መካከል ያለው ግን ተርፎ ነበር። ጠጉሮቹን አንድ የእጅ ባለሙያ አንድ በአንድ በመሮ የቀረጻቸው ናቸው። የሚሽከረከረው መወልወያ ያንን ሁሉ በላው። ወርቁ ሄደ፣ ጠጉሮቹ ተድበለበሉ፣ አፍንጫው ጠፍጣፋ ሆነ፣ የጥሩንባዋ ገመድ ጠፋ። ስጠይቃቸው «ዝገት ነው ያነሳነው» አሉ። ነሐስ እንደ ብረት ይዝጋል እንዴ? ሥራ አስኪያጁ ደግሞ በኤሌክትሪክ አዲስ ወርቅ እንቀባልሃለን አለኝ። አልተቀበልሁም። በላዩ የሚለጠፈው ወርቅ የተበላውን ጠጉር አይመልሰውም፤ ወደፊት የሚያየውንም ሰው ያሳስታል።

የሐራጅ ቤቱ መመሪያ ለእይታ ከማቅረባችሁ በፊት በባለሙያ አስጸዱ ይላል። እኔ አታስጸዱ እላለሁ። ስለቱ ላይ ቀይ ዝገት ካለ ቀጭን ዘይት ቀቡና ተዉት፤ እጀታውን ፈጽሞ አትንኩ። ነጭ የጥጥ ጓንት አድርጉ የሚለውንም አልስማማበትም፤ ጥጡ እጀታው ላይ ከተጠመጠመው ሽቦ ጋር ይጠላለፋል፣ ላብም ያሳልፋል። ስስ የጎማ ጓንት ይሻላል። ከእጃችሁ ከመውጣቱ በፊት ከጎን በሚመጣ ብርሃን እያንዳንዱን ጠጉር ፎቶ አንሡ፤ እኔ የቀረኝ ማስረጃ እሱ ብቻ ነው። የሚጠብቅ ነገር ካለ ደግሞ ዓይናችሁ እያየ የሚያጠብቅላችሁ አንጥረኛ ፈልጉ፤ ጎራዴውን እዚያ አታሳድሩ።