ሲኖዬ ጠዋት ጠዋት አልነሳ ሲለኝ

ይህን የምጽፈው ማንም ቀድሞ ስላልነገረኝ ነው። ሁለት አዲስ ባትሪ ገዛሁ፣ ሞተሪኖ (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳውን) አስፈታሁ፣ በቡና ወቅት ሦስት ሳምንት ያለ ጭነት ቆምኩ። ጥፋቱ አንዲት ቡሎን ስር ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። መስከረም ላይ ፍሪሲዮን ለማስቀየር ሲኖዬን እዚሁ ጅማ አንድ ጋራዥ አስገባሁት። ካምቢዮው ከወረደ አይቀር ብዬ ሻሲውንም፣ መኪናው የተሸከመበትን ዋና ብረት፣ ቀለም እንዲቀቡልኝ ጠየቅኩ። የጠየቅኩት እኔው ነኝ፤ ማንም አላስገደደኝም። ቀይ ቀለሙ አምሮ ሲወጣ ፎቶ ሁሉ አንስቼዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ቁልፍ ስመታ ሞተሩ እኽ... እኽ... እኽ... ማለት ጀመረ። ነጭ ጭስ ይለቅና ከብዙ ልመና በኋላ ይነሳል። ያየው ሁሉ «ብርድ ነው» አለኝ። ጅማ ብርድ! ወይና ደጋ ላይ ተቀምጠን! እኔም አመንኩ።

መጀመሪያ መለየት የነበረብኝ አንድ ነገር ነው፤ ሞተሩ የሚዞረው እየተጎተተ ነው ወይስ በደንብ እየዞረ ነው የማይነሳው? በደንብ ዞሮ ጭስ ካላወጣ ናፍጣ እየደረሰው አይደለም፤ ፊልትሮውን (የናፍጣ ማጣሪያውን) እዩ፣ መስመሩ ውስጥ የገባ አየር ፈልጉ። እየተጎተተ ነጭ ጭስ ካወጣ ግን ናፍጣው ደርሷል፤ የሚያቃጥለው ሙቀት ነው የጠፋው። ናፍጣ ሞተር ሻማ የለውም፤ የሚነድደው አየሩ ታምቆ ሲግል ነው። ቀስ ብሎ ሲዞር ሙቀቱ ያመልጣል። እኔ ይህን ሳልለይ ፊልትሮ ቀየርኩ፣ አየር አስወጣሁ። ምንም።

ከዚያ ባትሪ። ሻጩ የድሮዎቹን ሳይለካ «ሞተዋል» አለኝ። አዲሶቹ ለአንድ ሳምንት አሠሩኝና እኽ እኽ ተመለሰ። ይህ ነው ያታለለኝ፤ ጉልበት ያለው ባትሪ ችግሩን ለጊዜው ይሸፍናል። ልመልስ ስሄድ ሰውየው ቀና ብሎም አላየኝም፤ «መኪናህን አሳይ» አለ። እስካሁን በዚያ ሱቅ በር ሳልፍ ደሜ ይፈላል። ሞተሪኖው ተፈታ፣ ካርቦን ተቀየረለት፣ ተገጠመ። ያው።

አሁን ወደሚያሳፍረኝ ልምጣ። አንድ ጠዋት ደጋግሜ ስሞክር ረዳቴ ካቢኑ ተነስቶ ሞተሩ ሥር ነበር። «ጋሼ፣ ይሄ ከፔዳሉ የሚመጣው የነዳጅ መስጫ ገመድ ለምንድነው የሚሞቀው?» አለኝ። «ባክህ ዝም ብለህ ናፍጣውን እይ!» ብዬ ጮህኩበት። ልጁ መልሱን በእጁ ይዞ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ሽማግሌ ኤሌክትሪሺያን አገኘሁ። ቴስተሩን፣ የቮልት መለኪያውን፣ አወጡ። አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን የሞተሩ ብረት ላይ አድርገው «ምታ ልጄ» አሉ። መታሁ። 4.2 ቮልት። «ከግማሽ ቮልት ብዙም ማለፍ የለበትም። ማሳህ ሞቷል» አሉኝ። ቡና አገር ላለ ሰው ማሳ ሲባል እርሻ ነው የሚታየው፤ እሳቸው የሚሉት ሞተሩን ከሻሲ የሚያገናኘውን ጠፍጣፋ ሽቦ ነው። ሞተር ከሻሲው ጋር የሚያያዘው ኤሌክትሪክ በማያሳልፍ የላስቲክ ትራስ ነው፤ ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪ የሚመለሰው በዚያ ሽቦ ነው።

ቡሎኗን ፈቱ። ሥሯ ያ የኮራሁበት ቀይ ቀለም እንደ ጥፍር ቀለም ተለጥፏል፤ ጫፍ ጫፉ ላይ አረንጓዴ ዝገት ጀምሯል። ጋራዡ ሽቦውን ቀለሙ ላይ ነበር ያሰረው! መንገድ ያጣው ኤሌክትሪክ በዚያ ቀጭን የነዳጅ መስጫ ገመድ እየሾለከ ያግለው ነበር። በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ፋቁት፣ አሰሩት። 0.3 ቮልት። ሞተሩ አንዴ ዞሮ ተነሳ።

ቴስተር ከሌላችሁ ወፍራም የባትሪ ገመድ ሻሲው ላይ ከታሰረው ኔጋቲቭ በቀጥታ ሞተሩ ብረት ላይ እሰሩና ቁልፉን ምቱ። ከፈጠነ ማሳው ነው። ቡሎን ስትፈቱ ግን መጀመሪያ ባትሪውን አላቁ። መመሪያ «ባትሪ ቀድሞ ይፈተሽ» ይላል፤ እኔ ግን ከመታችሁ በኋላ መጋጠሚያዎቹን በእጃችሁ ዳስሱ እላለሁ፤ የሚሞቀው ነው ጥፋተኛው። ቁልፉንም ከ10 ሰኮንድ በላይ አትያዙ። 30 ይቻላል የሚሏችሁ ሞተሪኖ የሚገዙላችሁ ሰዎች አይደሉም።

ረዳቴ አሁን በየጠዋቱ ገመዱን ይነካና «ቀዝቃዛ ነው ጋሼ» ይለኛል፤ ጮክ ብሎ፣ ሰው በተሰበሰበበት።