የኤፕሪል አመል በሳውዝ ፕላት ወንዝ

ኮሎራዶ ውስጥ ኤፕሪልን ያመነ ጉም የዘገነ። ዓሣ ለማጥመድ ከኦሮራ ስንነሳ ፀሐዩ ልብስ ያስወልቅ ነበር። በሴዳሊያ በኩል አድርገን ወንዙ ዳር ያለችው ዴከርስ ስንደርስ ደመናው ተራራው ላይ ተኝቷል። ስለ መንገዱ ብዙ የምለው የለኝም፤ ጓደኛዬ እንቅልፉን ለጥጧል።

እዚህ በትል ማጥመድ ክልክል ነው። ሰው ሠራሽ ዝንብ ወይም ሌላ ሰው ሠራሽ ማባበያ ብቻ። ከላባና ከክር የታሰረች፣ ከጥፍር የምታንስ መንጠቆ 3 ዶላር ከምናምን አሉኝ! ሐዋሳ አሞራ ገደል እያለሁ በዚህ ገንዘብ የዓሣ ጥብሱን ከነዳጣው እበላ ነበር። እየተነጫነጭኩ ከፈልኩ።

ውሃው የሚመጣው እ.ኤ.አ. በ1905 ተሠርቶ ካለቀው የቺዝማን ግድብ ነው። ከግድቡ ሥር ስለሚለቀቅ በጋም ቀዝቃዛ ነው፤ ትራውት የሚባለው ዓሣ የሚወደውም ይህንኑ ነው። እኔ ግን ጉልበቴ ድረስ ገብቼ ጣቶቼ መኖራቸውንም ተጠራጠርኩ። ከበላዬ ያለው ዳገት በ2002 ሄይማን የሚባለው ሰደድ እሳት የበላው ነው፤ ዛሬም ራሰ በራ ነው። መጀመሪያ ካፊያ መጣ፣ ቀጥሎ ጠጠር በረዶ፣ ከዚያ ለየለትና አመዳዩን አወረደው። ጓደኛዬ አንድ ቃል ሳይናገር መኪናው ውስጥ ገባ።

ዕቃዬን መሰብሰብ ስጀምር ከታች በኩል ሲያጠምዱ የነበሩ አንድ ሽማግሌ «አሁን ነው እንዴ የሚሄዱት?» አሉኝ። ብሉ ዊንግ ኦሊቭ የምትባለው ትንሽ ዝንብ የምትወጣው በእንዲህ ያለው ጭጋጋማ ቀን ነው። አየሩ እርጥብ ሲሆን ክንፏ ቶሎ አይደርቅም፤ ውሃው ላይ ትንሳፈፋለች፤ ትራውቱም ብቅ እያለ ይለቅማታል። ከሳጥናቸው እሷን የሚመስል ግራጫ ሰው ሠራሽ ዝንብ አውጥተው ሰጡኝ። ገንዘብ ብላቸው ሳቁብኝ። ወንዙ ውስጥ ነጣ ያለውን ጠጠር ግን እንዳልረግጥ አስጠነቀቁኝ፤ ሬንቦ ትራውት በዚህ ወቅት እንቁላሏን የምትጥለው እዚያ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ገመዴ ተወጠረ። ቡናማ ትራውት! ሆዱ እንደ ቅቤ ቢጫ፣ ጎኑ ላይ ቀያይ ነጠብጣብ። እጄን አርጥቤ መንጠቆውን ነቀልኩለትና ለቀቅኩት። በረዶው እየወረደ ነው፣ እኔ ብቻዬን እስቃለሁ።

«ለቀቅከው?» አለ ጓደኛዬ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ። «ታዲያ ምን ልታደርግ መጣህ?»

«ሁዳዴ ነዋ።»

«ዓሣ እኮ በጾም ይበላል!»

«አይበላም!»

ክርክሩ ቤት እስክንገባ አላለቀም።