ሁሉም ፎልደር ሾርትከት ሆነ

የጥር ፈተና ታርሞ ማርክ የሚገባበት ሳምንት ነበር። የምሠራው አንድ የግል ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። የተማሪዎቹ የኮምፒውተር ላብ፣ የመምህራን ክፍል፣ ሬከርድ ክፍል፣ ኮምፒውተር ያለበት ሁሉ እኔን ይመለከታል። ሬከርድ ክፍል የሚሠሩት እናት ደወሉ። «የኔ ልጅ፣ ቶሎ ና! ማርኩ የለም፤ ሁሉም ፎልደር ሾርትከት ሆኗል።»

ስደርስ ክፍሉ በመምህራን ሞልቷል። አንዱ ጭራሽ ዊንዶውስ የተጫነበት ፍላሽ ይዞ «ፎርማት ይደረግ» ይላል፤ ሁሉም ይጥፋና እንደ አዲስ ይጫን ማለቱ ነው። እኛ ዘንድ ኮምፒውተር ካስነጠሰ መድኃኒቱ ፎርማት ነው። «አይዞዎት፣ ብቻ ማንም እንዳይነካው» አልኩና የኔትወርክ ገመዱን ነቀልኩ።

ሾርትከት ቫይረስ ብዙውን ጊዜ ፋይል አያጠፋም፤ ይደብቃል። ዋናውን ፎልደር ይሸሽግና በቦታው በዚያው ስም ሾርትከት፣ ማለትም ወደ ሌላ ፋይል የሚመራ አቋራጭ፣ ያስቀምጣል። እሱን ሲጫኑት ፎልደሩም ይከፈታል፣ ቫይረሱም ይነሳል። መጀመሪያ ቫይረሱን አጸዳሁ። ከዚያ አትሪብ በምትባለው ትዕዛዝ የተደበቀውን ገለጥኩት። ሮስተሩ ከነማርኩ ብቅ አለ።

ወዲያው «ቫይረሱን ያመጣው ፍላሽ የማን ነው?» ተባለ። ከኮፒ ቤት የመጣ የአንድ መምህር ፍላሽ ነበር። እኔን ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነው። ፍላሹ የተሰካው መምህራን ክፍል ነው፤ ታዲያ ሬከርድ ክፍል ምን አገባው? ለካ የሮስተሩ ፎልደር ሼር የተደረገው ለሁሉም ሰው፣ ከነመጻፍና መሰረዝ ፈቃዱ ነው። ላቡም እዚያው ኔትወርክ ላይ ነው። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ቢፈልግ የራሱን ማርክ ያስተካክል ነበር! አንቲቫይረሱ ደግሞ ዊንዶውሱን በክራክ፣ ማለትም ያለ ሕጋዊ ፈቃድ፣ የጫነው ሰው እንዳጠፋው ቀርቷል።

እንዲህ ባለ ቤት ዋናክራይ ቢገባስ? እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ዓለምን ያዳረሰው ያ ቫይረስ የተሰራጨው በዊንዶውስ የፋይል ማጋሪያ ቀዳዳ ነው። ማይክሮሶፍት መጠገኛውን ያወጣው ከሁለት ወር በፊት፣ በማርች ነበር። አፕዴት ያላደረገ ተበላ። እሱ ደግሞ ፋይል አይደብቅም፤ ይቆልፍና 300 ዶላር በቢትኮይን ይጠይቃል። አትሪብ እዚያ ላይ ምንም አትሠራም።

ላቡን በቪላን፣ ማለትም አንዱን ኔትወርክ ለየብቻ በሚከፍል ቅንብር፣ ለየሁት። የኮምፒውተሮቹ ገመድ የሚገናኝበት ስዊች ይህን ይችላል፤ ከተገዛ ጀምሮ ግን የነካው አልነበረም። እያንዳንዱ መምህር የራሱን ፎልደር ብቻ እንዲያይ ሆነ። «አታምኑንም ወይ?» ብለው ያኮረፉ ነበሩ፤ አለፈ። ሮስተሩ ዓርብ ዓርብ ወደ ኤክስተርናል ዲስክ ይገለበጣል፤ ዲስኩ ተነቅሎ ካዝና ይገባል።

ለዳይሬክተሩ የግዢ ጥያቄ ሳቀርብ ከዲስኩ ሥር የፕሪንተር ቶነር ጨምሬ ጻፍኩ። «ቶነር ከቫይረስ ጋር ምን ያገናኘዋል?» አሉ። መምህራኑ ኮፒ ቤት የሚሄዱት የእኛ ፕሪንተር ቀለም ስለጨረሰ መሆኑን ነገርኳቸው። ፈተናውም በዚያው ፍላሽ ሄዶ ኮፒ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ እንደሚቀር ስጨምርላቸው ብዕራቸውን አነሱ።